የፋትስ ዎለር ዘፈኖች በመድረክ ላይ፦ «ኮንሰርት እንጂ ቲያትር አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ የአንድ ዜማ ደራሲን ሥራዎች ብቻ ይዘው ስለሚቀርቡ የመድረክ ትርኢቶች ሲያትት የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኒስትና ዜማ ደራሲ የፋትስ ዎለርን ዘፈኖች የያዘውን «ኤይንት ሚስቢሄቪን»ን ዋና ማሳያው አድርጓል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ትርኢቱ ታሪክም ንግግርም ስለሌለው ኮንሰርት እንጂ ቲያትር አይደለም። የትርኢት ዓይነቱ የተጀመረው በእርሱ ነው፤ የወለደውም የብሮድዌይ (የኒውዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች) ገንዘብ ነው። ዘፈኖቹ ሁሉ የፋትስ ዎለር ናቸው። ነገሩ በሙሉ ሳቅና ጭፈራ ስለሆነ መጨረሻው አካባቢ ያለው አንድ የሐዘን ዘፈን ቢወጣም አይጎዳም። በ1988 ዳግም ቀርቦ መውደቁ ዕድሜው ማለቁን ያሳያል። ጽሑፉ የሚዘጋው በምክር ነው፦ አምስት ዘፋኝና አንድ ፒያኖ ያለው ቡድን የእኛንም ዜማ ደራሲዎች በዚሁ መንገድ ማቅረብ ይችላል፣ የቆዩ ዘፈኖች ደግሞ ባለቤት ስለሌላቸው ፈቃድ አያስፈልግም።

ይህን ምክር አምኖ ወደ ልምምድ የሚገባ ቡድን አይጠፋም። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላሉን እናስቀድም። የትርኢት ዓይነቱ በዚህ ሥራ አልተጀመረም። የቤልጅየሙ ዣክ ብሬል ዘፈኖች፣ ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ በ1968 ኒውዮርክ ቪሌጅ ጌት በተባለው ክበብ በእንግሊዝኛ መቅረብ ጀምረው ከ1,800 ጊዜ በላይ ታይተዋል። በ1972 የኖኤል ካዋርድ ሥራዎች በለንደንም በኒውዮርክም እየተሰበሰቡ ቀርበዋል። የስቲቨን ሶንድሃይም ስብስብ በ1976 ለንደን ተከፍቶ በዓመቱ ብሮድዌይ ገብቷል፤ እርሱ ግን በዘፈኖቹ መሃል የሚያብራራ ተራኪ ነበረው። «ኤይንት ሚስቢሄቪን» በ1978 ሲመጣ መንገዱ የተጠረገ ነበር። የእርሱ ድርሻ ያለ ተራኪ ሥራውን ሁሉ ለዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና ለቅንብራቸው መስጠቱ ነው።

የብሮድዌይ ገንዘብ ወለደው የሚለውም ልክ አይደለም። ትርኢቱ የካቲት መግቢያ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1978፣ የተከፈተው የማንሃተን ቲያትር ክለብ በምሥራቅ 73ኛ መንገድ በነበረው ቤቱ ውስጥ ባለች ትንሽ የካባሬ ክፍል፣ ተመልካች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ዘፈን በሚሰማባት ክፍል፣ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ሙሬይ ሆርዊትዝና ሪቻርድ ሞልትቢ ጁኒየር ናቸው፤ አዘጋጁ ሞልትቢ ነበር። ብሮድዌይ ላይ ሎንግኤከር ቲያትር የገባው ሜይ 9 ቀን ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ከአምስቱ ተዋንያን የተለወጠችው አንዷ ናት፦ በካባሬው የነበረችው አይሪን ካራ ወጥታ ሻርሌይን ውዳርድ ገባች። ኔል ካርተር፣ አንድሬ ደ ሺልድስ፣ አርሚሊያ ማክዊንና ኬን ፔጅ እንደነበሩ ቀጠሉ።

ይህን መነሻ መዘንጋት በኋላ ለሚመጣ አዘጋጅ ጉዳት አለው። የተጻፈው ዘፋኙ የተመልካቹን ዓይን ለሚያይበት ክፍል ነው። አንድ ሺህ ገደማ ሰው ወደሚይዝ አዳራሽ ሲሻገር የተዋናይ ቁጥር አልተጨመረም፤ ፒያኖው ከመድረክ አልወረደም፤ ፒያኒስቱና ቅንብሩን የሠራው ሉተር ሄንደርሰንም ከተዋንያኑ ጋር እዚያው ላይ ነበር። ፒያኖውን ከመድረኩ ፊት ወዳለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ የሚያወርድ አዘጋጅ ስድስተኛውን ተዋናይ ያጣል። ተዋንያኑ ለፒያኖው ይዘፍናሉ፣ ይደገፉበታል፣ ፒያኒስቱም በቁልፎቹ ይመልስላቸዋል። መሣሪያው ከዓይን ሲርቅ ይህ ሁሉ ግንኙነት አየር ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። ንግግሩ ኢምንት መሆኑ እውነት ነው። የፋትስ ዎለር የሕይወት ታሪክም አይተረክም። በ1904 ኒውዮርክ ተወለደ፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1943፣ ገና በ39 ዓመቱ፣ በባቡር ሲጓዝ ካንሳስ ሲቲ ጣቢያ ላይ በሳንባ ምች ሞተ። ይህን ከትርኢቱ አንሰማውም፤ እርሱን ሆኖ የሚጫወትም የለም። ነገር ግን ገጸ ባሕርያት አሉ። የታተመው ጽሑፍ የክፍሎቹን ስም ኔል፣ አንድሬ፣ አርሚሊያ፣ ኬን፣ ሻርሌይን ብሎ ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ስም የገጸ ባሕርያቱ ስም ሆኖ ቀርቷል። ኬን ሆዱን አስቀድሞ የሚገባ ቀልደኛ ነው፤ አንድሬ ቀጭን፣ ተንሸራታች፣ ለማንም የማይታመን፤ ኔል የቆሰለች ግን የማትጎነበስ፤ አርሚሊያ ማር የምትመስል፣ ከሥሯ ግን ብልጥ፤ ሻርሌይን ወጣትና የማታርፍ። ዎለርን አምስት ቦታ ከፋፍለውት ያዙት ማለት ይቻላል።

የዘፈኖቹን ተራ ተከተሉ። የመጀመሪያው ገቢር በኒውዮርክ የጥቁሮች ሠፈር በሃርለም ውስጥ፣ በቤት ድግስና በዳንስ አዳራሽ ይጀምራል። ቀስ እያለ ዓመታቱን ይሻገርና ጦርነቱ ላይ ይደርሳል። «ዌን ዘ ናይሎንስ ብሉም አጌን» በ1943 የተጻፈ ነው፤ ናይሎን ለጦር ዕቃ በመዋሉ ካልሲያቸውን ያጡ ሴቶች ዘፈን ነው። ወዲያው የሚከተለው «ካሽ ፎር ዩር ትራሽ» የብረታ ብረት ቁርጥራጭ ከየቤቱ ይሰበሰብ የነበረበትን ጊዜ ይዟል። እነዚህን ሁለቱን ማንም ተራኪ አያስተዋውቃቸውም፤ ሆኖም ተመልካቹ ዘመኑ እንደተለወጠ ይገባዋል። ገቢሩ «ዘ ጆይንት ኢዝ ጃምፒን» በሚለው የድግስ ትርምስ ይዘጋል። ሁለተኛው ገቢር ደግሞ ከሃርለም ወጥቶ ወደ መሃል ከተማ፣ ነጮች ወደሚዝናኑበት ዎልዶርፍ ሆቴል ይወርዳል። እዚያ ያው አምስቱ ሰዎች ልብሳቸውም፣ አነጋገራቸውም፣ የሚታዩበት ዓይንም ሌላ ነው። ከዚያ ሌሊቱ ይገፋል፤ ቡድኑ ይበተንና ሰዎቹ አንድ በአንድ ብቻቸውን ይቀራሉ። አንድሬ ስለ ማሪዋና አጫሽ በሚዘፈነው «ቫይፐርስ ድራግ» ጭስ ውስጥ፣ ኔል በ«ሚን ቱ ሚ» ዝምታ ውስጥ። ይህ ቅደም ተከተል ነው ድርሰቱ።

አንድን ዘፈን ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ መትከል ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ጽሑፉ «ቢወጣ አይጎዳም» ያለው ነው፤ «ብላክ ኤንድ ብሉ»። ከእርሱ በፊት ያለው «ፋት ኤንድ ግሪዚ» አንድን ወፍራም ሰው የሚያብጠለጥል፣ በአውራጅና በተቀባይ የሚሄድ የስድብ ዘፈን ነው። ተዋንያኑ ያወርዳሉ፣ አዳራሹ እንዲቀበል ይጋበዛል፣ ሰዉም እየሳቀ ይቀበላል። ሳቁ ሳይበርድ አምስቱ ይቀመጣሉ፤ እንቅስቃሴ ይቆማል፤ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ያዞራሉ። በጥቁርነቱ ብቻ የሚቀጠቀጥን ሰው ዘፈን፣ ድምፃቸውን እርስ በርስ አጠጋግተው፣ ባልጮኸ ቃና ይዘፍናሉ። ሌሊቱን ሙሉ አስቀው ያጫወቱን ሰዎች ሳቁን ለማን ሲከፍሉ እንደነበር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት በሰው መልክ ስትስቅ የነበርክ ተመልካች ዘፈኑ አንተንም ይመለከታል።

«ብላክ ኤንድ ብሉ»ን አስወጡት እንበል። የስድቡ ዘፈን በቀጥታ ከመዝጊያው የታወቁ ዘፈኖች ቅብብል ጋር ይገጥማል፤ ሁለት ሞቅ ያለ ነገር ተከታትሎ ይመጣል፣ መዝጊያውም ድካም ይሆናል። ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው ገቢር ብታመጡት ደግሞ ሳቁ ገና ስላልተጠራቀመ የሚገለብጠው ነገር አይኖርም። የዘፈኑ ራሱ ታሪክ ይህን ይደግፋል። በ1929 «ሆት ቾኮሌትስ» በተባለው የብሮድዌይ ትርኢት ኢዲት ዊልሰን ስትዘፍነው፣ ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች የምትቀደም የጠቆረች ሴት ብሶት ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በዚያው ዓመት ሲቀዳው መግቢያ ስንኙን ትቶ የመላው ጥቁር ሕዝብ ክስ አደረገው። የ1978ቱ መድረክ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአምስት ድምፅ የሰጠውም ስለዚህ ነው። የድምፅ ቅንብሩን የሠሩት ዊሊያም ኤሊየትና ጄፍሪ ጋቸን በወጉ አልተመሰገኑም።

«ዘፈኖቹ ሁሉ የዎለር ናቸው» የሚለው ስሕተት ጥቂት ስሞችን መጥቀስ ይጠይቃል። «ሚን ቱ ሚ» የፍሬድ አለርትና የሮይ ተርክ ነው። «ቱ ስሊፒ ፒፕል» የሆጊ ካርማይክልና የፍራንክ ሌሰር፣ «ኢትስ ኤ ሲን ቱ ቴል ኤ ላይ» የቢሊ ሜይሂው። ዎለር እነዚህን የደረሰ ሳይሆን በፒያኖውና በድምፁ የራሱ ያደረጋቸው ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በመዝጊያው ቅብብል ውስጥ የገቡትም በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል የእርሱ የሆኑ የፒያኖ ሥራዎች ግጥም ያገኙት ለመድረኩ ነው። «ዘ ጂተርበግ ዋልትዝ» በ1942 ያለ ግጥም የተቀዳ ነበር፤ ግጥሙን የጻፈው ሞልትቢ ነው። በ1929 በፒያኖ ብቻ የተቀዳው «ሃንድፉል ኦፍ ኪስ» ከሞልትቢና ከሆርዊትዝ ግጥም ሲያገኝ ስትራይድ የሚባለው፣ ግራ እጅ እየዘለለ የሚመታበት የፒያኖ አጨዋወት ማስተማሪያ ሆነ፦ ድምፆቹ ተከፋፍለው ግማሾቹ የግራ እጅን፣ ግማሾቹ የቀኝ እጅን ሥራ ይዘፍናሉ።

ከሁሉም በላይ ጽሑፉ ግጥም ደራሲውን አንዲ ራዛፍን አንዴም አለማንሳቱ ያሳዝናል። «ኤይንት ሚስቢሄቪን»፣ «ሃኒሳክል ሮዝ»፣ «ብላክ ኤንድ ብሉ»፣ ሦስቱም ግጥማቸው የእርሱ ነው። ራዛፍ ከማዳጋስካር ንጉሣውያን ቤተሰብ ወገን ነበር። ፈረንሳይ ደሴቲቱን በወረረችበት በ1895 አባቱ ተገደለ፤ እርጉዝ የነበረችው እናቱ ሸሽታ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋሽንግተን ውስጥ ወለደችው። ዓድዋ ሊሆን ሁለት ወር ተኩል ሲቀረው ማለት ነው። ያን ግጥም የጻፈው ሰው ይህን ታሪክ ተሸክሞ ነው።

የ1988ቱ ነገር በቁጥር ይመለስ። የመጀመሪያው ዙር ከሎንግኤከር በ1979 ወደ ፕሊመዝ፣ በ1981 ወደ ቤላስኮ ተዛውሮ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1982 ሲዘጋ 1,604 ጊዜ ታይቶ ነበር። በ1978 በብሮድዌይ ቲያትሮች ሽልማት በቶኒ ምርጥ ሙዚቃዊ ቲያትር ተብሏል፤ ሞልትቢ በአዘጋጅነት፣ ኔል ካርተር በረዳት ተዋናይነት ተሸልመዋል። ለንደን በ1979 ገባ፤ በ1982 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተላልፎ ካርተርና ደ ሺልድስ የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት አገኙ። በኦገስት 1988 አምስቱም የመጀመሪያ ተዋንያን ተመልሰው በአምባሳደር ቲያትር 176 ጊዜ አሳዩት። ከስድስት ዓመት በፊት ለዓመታት ታይቶ በቴሌቪዥን በነፃ ለሁሉም ቤት የደረሰን ሥራ እንደገና አምስት ወር ማቆየት ውድቀት አይባልም፤ ገበያው የተመጠነ መሆኑን እንጂ። ይልቅ መማሪያ የሚሆነው በ1995 የወጣው የዘፋኞቹ የፖይንተር እህትማማቾች ጉዞ ነው። ዝነኛ የቡድን ድምፅ ይዞ ብሮድዌይ ይደርሳል ተብሎ ሳይደርስ ቀረ። የእህትማማቾች ድምፅ ውበቱ መመሳሰሉ ላይ ነው፤ ይህ ሥራ ግን የሚቆመው አምስቱ በማይመሳሰሉበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም በ2009 ሠላሳኛ ዓመቱን አስመልክቶ ዘፋኞቹ ሩበን ስተዳርድና ፍሬንቺ ዴቪስ ይዘውት አሜሪካን ዞረዋል። ሞተ የተባለ ሥራ እንዲህ አይዞርም።

«አምስት ዘፋኝና አንድ ፒያኖ» የሚለው ምክር ከሁሉ የሚያሳስበው ነው።

ከፒያኖው እንጀምር። ስትራይድ ማለት ግራ እጅ በ1ኛውና በ3ኛው ምት ታች ያለውን ቤዝ (ወፍራም ኖታ)፣ በ2ኛውና በ4ኛው መሃል ላይ ያለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) እየመታ የሚዘልበት አጨዋወት ነው። ስለዚህ በየቤቱ የሚገኘው 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ አይሆንም፤ የታችኛው ቤዝ ተቆርጦ ይቀራል። 88 ቁልፍ፣ ክብደት ያላቸው፣ የግድ ነው። ዎለር ትልቅ እጅ ስለነበረው በግራው አሥረኛ ኢንተርቫል፣ ማለትም በአሥር ኖታ ርቀት ያሉ ሁለት ኖታዎችን፣ በአንድ ጊዜ በቀላሉ ይይዝ ነበር። እጁ የማይደርስ ፒያኒስት ሁለቱን ኖታ አከታትሎ ይመታቸዋል፤ ያኔ የታችኛው ኖታ ከምቱ ቅንጣት ቀድሞ፣ የላይኛው በምቱ ላይ መውደቅ አለበት። የታችኛውን በምቱ ላይ ካሳረፈው የላይኛው ይዘገያል፣ ዘፈኑ በየባሩ (በየአራት ምቱ) ይጎተታል፣ ዘፋኞቹም ሳያውቁት ከባንዱ ይቀድማሉ። ጥፋቱ በዘፋኞቹ ይሳበባል።

ቀጥሎ ቤዙ። ቤዝ ተጫዋቹ ያንኑ የግራ እጅ ቤዝ ደግሞ ከተጫወተ ታችኛው ድምፅ ይጨቀያል። አንዱ መልቀቅ አለበት፦ ቤዙ በባሩ ሁለት ኖታ ሲጫወት ፒያኖው ግራውን ያቀልል፤ ቤዙ በአራቱም ምት ሲራመድ ፒያኖው ኮርድ ብቻ ይያዝ። የሚሻለው ደብል ቤዝ ነው። ኤሌክትሪክ ቤዝ ብቻ ካለ ኖታው ቶሎ እንዲሞት በመዳፍ ማፈን ያስፈልጋል። ድራመሩ በብሩሽ ይጀምር፣ በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ሳህን (ሃይ ሃት) በ2 እና በ4 ይዝጋ። በችክችካ ያደገ ድራመር ምትን ለሦስት መክፈል ስለሚያውቅ ስዊንግ አይከብደውም፤ የሚቸግረው ክብደቱን ወደ 2 እና 4 ማዛወሩ ነው። ከትራምፔት፣ ከትሮምቦንና ከሳክስፎን አንዳቸውንም በኪቦርድ ድምፅ አትተኩ። በዚህ ሙዚቃ የነፋስ መሣሪያ ይስቃል፣ ያሾፋል፣ ለዘፋኙ ይመልሳል።

ድምፁ ላይ ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ስፍራ «ብላክ ኤንድ ብሉ» ነው። አምስቱን በፒያኖ ዙሪያ አቁሞ ያለ ማይክራፎን ማለማመድ ይገባል። መጀመሪያ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ብቻውን ይያዝ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ መጨረሻ አምስቱ። የድምፁ መጠን የሚለካው በጣም ቀጭን ድምፅ ባለው ሰው ነው፤ ጠንካራው ዘፋኝ ከፍ ካለ ኮርዱ ይጠፋና አንድ ዜማ ብቻ ይሰማል። ማርገብገብ ይቀነስ፤ አናባቢውን ሁሉም በአንድ የአፍ ቅርጽ ያውጡት። በማይክራፎን የተጀመረ ልምምድ ይህን ሁሉ ይደብቃል፤ ችግሩ የሚወጣው በመክፈቻው ምሽት ነው። «ቫይፐርስ ድራግ» ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ፍጥነት ነው። ዝግ ያለ ዘፈን ነው፤ ተዋናዩ የተመልካቹ ዝምታ ሲያስፈራው ያፋጥነዋል፣ በዚያው ጭሱም ምሥጢሩም ይበናል። ፍጥነቱን የሚጠብቀው ቤዙ እንጂ ተዋናዩ እንዳይሆን አስቀድሞ መስማማት ነው።

ስለ ባለቤትነት። በአሜሪካ ሕግ በ1929 የታተሙ ዘፈኖች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሕዝብ ሆነዋል፤ ስለዚህ «ኤይንት ሚስቢሄቪን» የተባለው ዘፈንና «ብላክ ኤንድ ብሉ» እዚያ ነፃ ናቸው። «ዘ ጂተርበግ ዋልትዝ» እና የጦርነቱ ዘመን ዘፈኖች ግን አይደሉም። በ1978 የተጻፉት ግጥሞች፣ የሄንደርሰን ቅንብር፣ የድምፅ አከፋፈሉና የዘፈኖቹ ተራም ጥበቃ አላቸው። ትርኢቱን እንዳለ ማሳየት የሚፈልግ ፈቃዱንና ኖታውን የሚጠይቀው ሚውዚክ ቲያትር ኢንተርናሽናልን ነው። በሌላ አገር የዘመኑ ስሌት ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ድርሰት ጥበቃ በደራሲው ሕይወትና ከሞተ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ይቆጠራል። አብዛኞቹ የምንወዳቸው ዜማ ደራሲዎች ወይ በሕይወት አሉ ወይ ካረፉ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ከዜማ ደራሲው፣ ከግጥም ደራሲው፣ የድሮው ቅንብር የሚፈለግ ከሆነም ከአቀናባሪው ወይም ከወራሾቻቸው በጽሑፍ ፈቃድ መውሰድ ያስፈልጋል። ሦስቱ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ፊርማም ለሌላው አይሠራም።